ገር ካምቢዮ

የካምቢዮ ዘይት ሽታ የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እወዳለሁ። የገማ እንቁላልና የተቃጠለ ጎማ አንድ ላይ የተቀቀሉ ይመስላል፤ ልብስ ላይ ካረፈ ሳሙና አያስለቅቀውም። ጎንደር ከተከራየኋት ትንሽ ሱቅ ጎን አንድ ጋራዥ አለ። በቀደም ሜካኒኩ ከአንድ አሮጌ መኪና ሆድ ውስጥ ጥቁሩን ዘይት ወደ ሳፋ ሲለቀው ደንበኞቼ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ሄዱ። እኔ ግን ሱቄን ጥዬ ወጣሁና አጠገቡ ቆምኩ።

"እህቴ፣ ራቅ በይ፤ ይሸታል" አለኝ።

"ለማሽተት ነው የመጣሁት" አልኩት። ሳታብድ አልቀረችም ብሎ መሰለኝ፣ ሥራውን ቀጠለ።

ምን ልበለው? ያን ሽታ ስስብ አባቴ አጠገቤ የቆመ ይመስለኛል። ሌላው ሰው አባቱን በሽቶ ወይ በጋቢ ጠረን ያስታውስ ይሆናል፤ የኔው በካምቢዮ ዘይት ነው የሚመጣው። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ካርቱም፣ ጅሬፍ የሚባል ሰፈር ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ከጎንደር የተሰደደ ሾፌር ነው። እናቴ እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት ምግብ ታበስላለች። እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግሁ፣ ሃያዎቹን የጀመርኩ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ ጸጉር የምሠራ ልጅ ነበርኩ። የማስበው በአረብኛ፣ የምናደደው በአረብኛ ነው፤ ከአባቴ ጋር ሲሆን ብቻ በአማርኛ እኮላተፋለሁ። አሁን የምተርክላችሁ አማርኛ በኋላ እዚህ ገብቼ፣ ሰው እየሳቀብኝ የተማርኩት ነው። አባቴ ደግሞ የኔ ግልባጭ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ኖሮ አረብኛ ምላሱ ላይ አልገባ እንዳለ ቀረ። እዚያ ድልድይ "ኩብሪ" ይባላል፤ እሱ "ክብሬ" ነበር የሚለው። "ዛሬ ክብሬን ተሻግሬ መጣሁ" ሲል እናቴ "ክብርህንማ ድሮ ነው የተሻገርከው" ትለዋለች።

አንዲት ነጭ አምጃድ ነበረችው። አምጃድ ካርቱሞች እንደ ታክሲ የሚሠሩባት፣ አፍንጫ የሌላት፣ የዳቦ ቅርጽ ያላት ትንሽ ቫን ናት። በእሷ የሚሠራው ተርሒል ነበር። ተርሒል ማለት ሠራተኛና ተማሪን ጠዋት አድርሶ ማታ መመለስ ነው። ችግሩ፣ ያው ቃል ፖሊስ ጣቢያ ሲነገር ወደ አገር መባረር ማለት ነው። ጎሕ ሲቀድ አባቴ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ አል-ጣኢፍ ቤት ለቤት የሚሠሩት ሴቶች "ያላ፣ ተርሒል መጣ!" ብለው ይጠራራሉ። አንድ ጠዋት በመተማ በኩል ገና መግባቷ የነበረች ልጅ ይህን ሰምታ፣ ጫማዋን ጥላ የጎረቤት አጥር ዘለለች። አባቴ አጥሩ ሥር ቆሞ "ልጄ፣ እኔ እኮ የማባርረው ወደ ሥራ ነው! ነይ ውጪ!" እያለ ሲለምናት ሴቶቹ መኪናዋ ውስጥ በሳቅ ተንከባለሉ። ልጅቱም በኋላ ደንበኛው ሆነች፤ ሁልጊዜ ግን በሩ አጠገብ ነበር የምትቀመጠው።

አባቴ ከሥራው ሁሉ የሚኮራበት ማርሽ አቀያየሩ ነበር። "ጥሩ ሾፌር ማርሽ ሲቀይር ተሳፋሪ አያውቅም" ይላል። ሴቶቹ ከሌሊት ጀምሮ ሲሠሩ ያደሩ፣ ወይ ሕፃን ሲያባብሉ ያነጉ ናቸውና መንገድ ላይ ያንቀላፋሉ። እሱም እንዳይነቁበት እግሩንና እጁን አስማምቶ፣ ቅቤ በሙቅ ዳቦ ላይ እንደሚቀባ ሰው ነበር የሚቀይረው። ሌላ ሾፌር ሲያንገጫግጭ ካየ ቀኑን ሙሉ ያብሰከስከዋል።

ታዲያ አንድ የበጋ መጀመሪያ ላይ ወደቀ። ካርቱም ውስጥ ሙቀቱ ሳይጠና በራሰ ገለባ ውስጥ አየር እያሳለፈ ቤት የሚያቀዘቅዘውን ማሽን ገለባ መቀየር የየቤቱ ወንድ ግዴታ ነው፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ከመስኮቱ በላይ ነው የሚሰቀለው። እናቴ "ሰው ጥራ፣ አንተ ሰውዬ" አለችው። እሱ "ለገለባ ሰው ይጠራል?" ብሎ መሰላሉን ወጣ። መሰላሉ ተንሸራተተ፣ እሱም በቀኝ እጁ ላይ ወደቀ። እጁ ከጀሶው ሲወጣ የሌላ ሰው እጅ መሰለ፤ ቀጥኖ፣ ነጥቶ። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ማንኪያም ያነሳሉ፤ ጉልበት የሚባል ነገር ግን የላቸውም። ሐኪሙ "ቀስ እያለ ኢንሻላህ" አለ። ቀስ እያለም አልመጣም።

ካርቱም መኪና የሚነዳው በግራ ተቀምጦ ነው፤ ካምቢዮ የሚያዘው በቀኝ እጅ። አምጃዷም አርጅታ ነበር፤ ዕድሜ ነው እንጂ ጥፋቷ ሌላ አልነበረም። በካምቢዮው ዱላና በማርሽ ሳጥኑ መሃል ያለው ነገር ሁሉ ላልቶ፣ ዱላው እንደ ድስት ማማሰያ ይዋልል ነበር። አንደኛ በልመና ይገባል። ሁለተኛ "ጓ!" ብሎ፣ የኋላ ማርሽ ደግሞ በትግል። ድሮ አባቴ በእጁ ጥበብ ያን ሁሉ ይሸፍንላት ነበር፤ እጁ ሲሄድ ጉዷ ወጣ።

የእጁን ድካም ደብቆን ለመንዳት ሞከረ። አንድ ጠዋት እናቴ ከፊት ተቀምጣ፣ ሴቶቹ ኋላ ሞልተው፣ ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ቢለው መሪውን ለቆ በግራ እጁ ተሻግሮ ካምቢዮውን ጎተተው። አምጃዷ ወደ አንድ የአህያ ጋሪ ታጠፈች። ጋሪው ተረፈ፣ አህያውም ተረፈ፤ የአባቴ ሾፌርነት ግን እዚያው ቀን ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛዋ እናቴ ነበረች።

"ኻላስ፣ በቃ" አለች ማታ ራት ላይ። "ሰው ሳትገድል ቁጭ በል። የምሠራላትን እመቤት ለምኛታለሁ፣ ገፊር ሁን ብላሃለች።"

ገፊር ዘበኛ ነው። የቪላ በር ላይ ወንበር ተሰጥቶት፣ መኪና ሲመጣ ከፍቶ ሲሄድ የሚዘጋ።

"የሌላ ሰው መኪና ሲወጣና ሲገባ እያየሁ ልሙት?" አለ አባቴ።

"እያየህ ኑር ነው ያልኩህ፣ ማን ሙት አለህ?" አለችው። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ፈርታ ነበር እንጂ ጨካኝ ሆና አልነበረም። ወዲያው አምጃዷን የሚገዛ ሰው ከኦምዱርማን ዓርብ ጠዋት ሊያያት እንደሚመጣ ነገረችን። አባቴ እጁን ታጠበና ወጥቶ ግቢያችን ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር የቆመችው አምጃድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ከሰዓትም እዚያው አገኘሁት። የኒሙ አበባ መስታወቱ ላይ ረግፏል። በቀኝ እጁ ካምቢዮውን ወደ ሁለተኛ ሊስብ ይሞክራል፤ ዱላው ግማሽ መንገድ ይመጣና ይቆማል። ቀና ብሎ አየኝና "ይቺ ነገር ገር ብትሆንልኝ እኮ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር" አለኝ።

አሁን ልብ በሉ። ሱዳኖች ካምቢዮን "ጊር" ነው የሚሉት። ገር የሚለውን የአማርኛ ቃል ደግሞ እኔ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ድልድይን "ክብሬ" የሚል አባት ያለው ሰው "ገር" ሲባል ምን ብሎ ይሰማል? "ጊር" ማለቱ ነው፣ እንደ ልማዱ አረብኛውን ሰብሮት ነው አልኩ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ አዲስ ጊር ብቻ ግዙልኝ እያለኝ ነው! ይህን ያህል ዘመን ለራሱ አንድ ነገር ጠይቆን የማያውቅ ሰው መጠየቁ አሳዘነኝ፤ የማይቻለውን መጠየቁ ደግሞ አናደደኝ።

ቢሆንም አልቀረሁም። አውቶቡስ ይዤ ጥቁር አባይን ተሻግሬ ባሕሪ ወደሚባለው የከተማው ክፍል ሄድኩ፣ ጋራዥና የመኪና ዕቃ መሸጫ ወደሞላበት ወደ ኢንዱስትሪው ሰፈር። እዚያ ፀሐዩም ብረት ብረት ይሸታል። አንድ ወፍራም ነጋዴ ከተሰቀሉ ሞተሮች መሃል ሻይ እየጠጣ አገኘሁ።

"ያ ዐም፣ ዳይራ ጊር" አልኩት። ጊር ፈልጌ ነበር ማለቴ ነው።

በሰንሰለት የተንጠለጠለ አንድ ሙሉ የማርሽ ሳጥን አሳየኝ፤ ዋጋውንም ነገረኝ። አምጃዷን ከነአባቴ ብንሸጣት አይገዛውም። ፊቴን አይቶ ሻይ አዘዘልኝና መኪናዋ ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። ዱላው እንደሚዋልልና መሃል መንገድ እንደሚቆም ስነግረው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ "ይህማ ሳጥኑ አይደለም፣ መሃል ያሉት ቀለበቶች ናቸው፤ ግን ለብቻቸው አይሸጡም፣ ዱላውንና ሳጥኑን ከሚያገናኘው ዘንግ ጋር ነው የሚመጡት" አለኝ። የዘንጉም ዋጋ ሌላ ጉድ ነበር። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

አባቴ ኒሙ ሥር ነበር። "አባዬ፣ ጊሩን እርሳው" አልኩት፤ "በፍጹም አንችለውም።"

"የምን ጊር?"

"ጊር ብትሆንልኝ ሌላ አልፈልግም አላልክም?"

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያን ቀን ነው የሰማሁት። "ገር! ገር ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ሱዳን!"

"ገር ምንድን ነው?"

ሳቁ ቀስ ብሎ ቆመ። ልጁ ይህን ቃል አለማወቋ የገረመው፣ ከገረመውም ያሳዘነው መሰለኝ። "ገር በቅሎ አለች" አለኝ፤ "ልጓሟን ሳትጎትቺ ሐሳብሽን አውቃ የምትዞር። ገር ሰውም አለ። የማይጎረብጥ፣ ሳያስገድዱት እሺ የሚል። እኔ አዲስ መች አልኩ? ይኸው እጄ የሚችለው ይህን ነው። ካምቢዮው ለዚህ እጅ እሺ ቢለኝ ነው ያልኩሽ።"

"እማዬ ገር ናት?" አልኩት።

መጀመሪያ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። "እናትሽ ካምቢዮ አይደለችም" አለ።

ያ ቃል ሲገባኝ ሥራውም ገባኝ። ለካ አባቴ ሲለምን የነበረው የሚገዛ ነገር አልነበረም፤ ጊዜና ሁለት ጤነኛ እጅ ነበር። እሱ መኪና ሥር ገብቶ በቀኙ መፍታት አይችልም። የኔ ጣቶች ደግሞ ስንት ግትር ጸጉር ሲጎነጉኑ የኖሩ ናቸው። "ንገረኝ እንጂ፣ እኔ እገባለሁ" አልኩት።

የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ላይ አወጣን፤ ከኋላም በድንጋይ ደገፍን። ያረጀ ምንጣፍ አነጠፍኩና ጸጉሬን በሻሽ አስሬ በጀርባዬ ገባሁ። እሱ ከላይ መሪው ኋላ ተቀምጦ ካምቢዮውን ያንቀሳቅሳል፤ እኔ ከሥር አያለሁ።

"ምን ይታይሻል?"

"አንተ ስትገፋ ዘንጉ ዝም ይላል። ቆይቶ ነው የሚነሳው።"

"እሱ ነው! እጄ ሠርቶ ሠርቶ ሲደክም ነው እሱ ሥራ የሚጀምረው" አለ።

ዘንጉ ላይ ግራሶና የአቧራ አውሎ ነፋስ የጋገሩት ነገር እንደ ጭቃ ግድግዳ ደርቋል። በናፍጣ እያራስኩ በአሮጌ ቢላዋ ፋቅሁት፤ ዓይኔ ውስጥም፣ አፌ ውስጥም ገባ። ከሥሩ ቀለበቶቹ ተገኙ። አባቴ ቦኮላ ነው የሚላቸው፤ ብረትና ብረት እንዳይፋጩ መሃል የሚገቡ ናቸው። ስነካቸው እንደ ደረቀ አይብ ፈረሱ። የማርሽ ሳጥኑንም ዘይት ለቀቅነው፤ ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ ልብሴ ላይ ፈሰሰ። ያን ሽታ ያወቅሁት ያኔ ነው። አባቴ አጎንብሶ "ሸተተሽ?" ሲለኝ በሳል መሃል "ጥሩ ነው" አልኩት፤ ዋሽቼ ነበር፤ አሁን ግን እውነት ሆኗል።

አዲስ ዘይት ሞላን። ቀለበቶቹን ከየት እናምጣ? አባቴ ወዲያና ወዲህ ሲል ወጥ ቤት ገባ። ሲወጣ የእናቴን መክተፊያ ይዞ ነበር፤ ያ ወፍራም፣ ነጭ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ፤ ከአል-ጣኢፍ ቤት ያመጣችውና ስለምትሳሳለት ብዙም የማታወጣው።

"አባዬ፣ ትገድለናለች።"

"የጨነቀው እርጉዝ ያገባል" አለኝና ዘረጋልኝ።

ከጎረቤት መብሻ ተዋስኩ። መክተፊያውን ቆረጥኩ፣ በሳሁ፣ በሞረድ ክብ አደረግሁ። አባቴ እያንዳንዷን ቀለበት በደካማ እጁ ጣቶች መሃል እያሽከረከረ "እዚህ ጋ ትንሽ፣ እዚህ ጋ ተይው" ይለኛል። ጉልበት አይኑራት እንጂ ያቺ እጅ አሁንም ታውቅ ነበር። ማታ ገጠምናቸው። ካምቢዮው ጠቅ ብሎ ገባ። ተቃቅፈን ልንጨፍር ምንም አልቀረን።

በማግስቱ ቀትር ላይ አባቴ ደስታውን ሊደግም ገባ፤ ካምቢዮው ንቅንቅ አልልም አለ። ከድሮው ባሰ። እኔም በጤነኛ እጄ ሞከርኩ፤ ድንጋይ። አባቴ ከመኪናዋ ወርዶ ኒሙ ሥር ቁጭ አለና "ወንበሩስ መደገፊያ አለው ብላለች እናትሽ?" አለኝ። ስለ ገፊሩ ወንበር መሆኑ ነው። ለቀልድ ነው የተናገረው፤ እኔን ግን አስለቀሰኝ።

እያለቀስኩ ነው መልሼ ሥሯ የገባሁት። ቀለበቱን ስነካው ያቃጥላል። ማታ ቀዝቅዞ የገባው ፕላስቲክ በካርቱም ቀትር አብጦ ዘንጉን ጨምድዶ ይዞታል! ስነግረው አባቴ ብድግ አለ። "ታዲያ ጥላ ሥር ምን አስገባን? እሷ የምትሠራው ፀሐይ ላይ አይደለም እንዴ?" አለ። አምጃዷን ገፍተን ከኒሙ ጥላ አወጣናት። የሚቀጥሉትን ቀናት ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት እኛ ፀሐይ ላይ ነበርን። እሱ ጃንጥላ ይዞልኝ፣ እኔ በትኩሱ እየለካሁ፣ እየሞረድኩ፣ ግራሶ እየቀባሁ። ጎረቤታችን ሱዳናዊት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "ሐበሾቹ ፀሐይ መታቻቸው" እያለች ውሃ ትሰጠን ነበር።

በመጨረሻ አባቴ ካምቢዮውን አስረዘመው። የሰፈሩ ጎረምሶች ለማማር ዱላውን ያሳጥራሉ፤ እሱ ግን "አጭር ዱላ ጉልበት ላለው ነው" አለና የውሃ ቧንቧ ቁራጭ በላዩ ሰክተን በቡሎን አሰርነው። ሲረዝም ይቀላል። እውነትም በሁለት ጣት ሄደ።

ሐሙስ ማታ እናቴ ሽንኩርት ልትከትፍ ወጥ ቤት ገባች። ወጣች። በእጇ የተበሳሳው መክተፊያ አለ።

"ሽንኩርቱን ካምቢዮው ላይ ልክተፈው?" አለች።

አባቴ የአምጃዷን በር ከፈተላት። "ነይ ግቢ። አንዴ ብቻ።" እያጉረመረመች ገባች። በሰፈሩ አሸዋማ መንገድ ወስዶ መለሳት። ሲመለሱ እናቴ ከመኪናዋ ወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ የተበሳሳውን መክተፊያ አነሳች። "ሰውዬው ነገ ይመጣል፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ" ብላ ገባች። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ አልኩ በሆዴ። አባቴም ያን ማታ ራት አልበላም።

ዓርብ ጠዋት የኦምዱርማኑ ሰው መጣ። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ሳቂታ፣ መልካም ሰው፤ ብንጠላው ደስ ይለን ነበር፣ አልተቻለም። አባቴ "እኔ ልንዳ፣ አንተ እየው" አለው። እኔ ኋላ ተቀመጥኩ። እናቴ በር ላይ ቀረች። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። የአባቴ ደካማ እጅ ሸቀጥ እንደሚያሳይ ነጋዴ ካምቢዮው ላይ ልስልስ ብላ ትመላለሳለች። ሰውዬው መንገዱን ትቶ እጁን ያይ ጀመር።

"ዘይ ዚብዳ፣ ያ ዐሚ! ማሻላህ!" አለ። ቅቤ ነው ማለቱ ነው። ራሱም ነዳ፣ ራሱም ቀየረ። በራችን ላይ ስንደርስ ዋጋውን ራሱ ጨመረ፤ ሳንጠይቀው!

አያችሁ ጉዳችንን? የራሳችን ሥራ መኪናዋን አስወደደብን። አባቴ ቁልፉን ይዞ ቆመ። እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ ግን ቃሉን የሰጠችው እናቴ ናት፣ እሷን ሰው ፊት ማዋረድ አልሆነለትም። ቁልፉን ለእሷ ዘረጋላት። "አንቺ ስጪው" አላት።

እናቴ ቁልፉን ተቀበለች። ቁልፉን አየች፣ የአባቴን እጅ አየች። ፀሐይ አክስሏታል፣ ግራሶ ጥፍሮቹ ሥር ገብቷል። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረች፤ "ማዕለሽ ያ ሐጅ፣ ዐረቢያ ዲ ማ ሊልበይዕ" አለችው። ይቅርታ፣ ይህች መኪና አትሸጥም። ሰውዬው ተገረመ፣ ሻይ ጠጣ፣ ስቆ ሄደ።

ቁልፉን ለአባቴ ስትመልስለት ፊቱን አላየችውም። "ነገ ሴቶቹ ይጠብቁሃል፤ እንዳታረፍድ" አለችው።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ነዳ። ሴቶቹ እንደ ድሮው አንቀላፉለት፤ እሱም እንደ ድሮው ሌሎች ሾፌሮችን ረገመ። ካምቢዮው ሲያጉረመርም በቀትር ሥሩ እገባለሁ። እኔም በዚሁ ሰበብ መንዳት ተማርኩ። እጁ ግን እየከዳው ሄደ። መጀመሪያ ማንኪያ፣ ከዚያ አዝራር። አንድ ጠዋት ቁልፉን ሳይነካ በተሳፋሪው በር ገብቶ ተቀመጠ። ቁልፉን አንስቼ በሾፌሩ በር ዞርኩ። መሪው ኋላ ተቀመጥኩና አስነሳሁ።

ሁለተኛ ልቀይር ስል ወደኔ ዞር አለና ያቺ ቀኝ እጁ መጥታ እጄ ላይ አረፈች። ክብደት አልነበራትም፤ ሙቀት ብቻ ነበራት። አብራኝ ሳበች። ሦስተኛም፣ አራተኛም እንዲሁ።

ከሴቶቹ አንዷ ከኋላ "ጋሼ፣ ዛሬ ልጅዎ ናት እንዴ የምትነዳን?" አለችው።

"ሁለታችን ነን" አላት።

ያን የዝናብ ወቅት ሙሉ ሁለታችን ነበርን። መቼ መቀየር እንዳለብኝ የምታውቀው ያቺ እጅ ነበረች፤ ሞተሩን ከኔ በፊት ትሰማለች።

ከዚያ አንድ ጠዋት "ዛሬ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ልተኛ" አለኝ፣ ጋቢውን ወደ አገጩ ስቦ። ብቻዬን ወጣሁ። ሴቶቹን ጫንኩ፣ አስፋልት ላይ ደረስኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁ። አምጃዷ በአንደኛ ማርሽ ፍጥነት ጨመረች፤ ሞተሩ መጮህ ጀመረ፤ ያንቀላፉት ሁሉ ነቁ። እጄ ካምቢዮው ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

"ምን ሆንሽ አንቺ፣ ቀይሪ እንጂ!" አለችኝ አንዷ።

እጁን እየጠበቅሁ ነበር።